የፈረስ አከራዩ ልጅ ሠርግ እንዴት እንዳለቀ

ለሕግ ሚስቴ፣ ለልጄ እናት፣ ለወይዘሮ አንጓች፤ በፍኖተ ሰላም ከደብራችን ቅጥር በምሥራቅ በኩል ላረፍሽው። ጸሐፊው ባልሽ መሪጌታ ፈንታሁን ነኝ። የምጽፍልሽም በሕመምሽ አልጋ ላይ ሳለሽ ያስገባሽኝን ቃል ስለ ፈጸምሁ፣ መፈጸሜንም ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ከራሴ እንድትሰሚው ነው። ደብዳቤውን ሳላሽግ የተውሁት የማርያም ማኅበርሽ ሴቶች እንዲያነቡት ፈቅጄ ነው። ስሕተቴን በዓይናቸው ያዩ ናቸውና እርማቴንም ይዩት።

ከተለያየን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። ዐርባሽም፣ ሰማንያሽም፣ ተዝካርሽም በሥርዓቱ ወጥቷል። ጊደሯ ወልዳለች። የተከልሽው ጌሾ ጣራውን አልፏል። የጓዳው ግድግዳ ተለስኗል፤ አንቺ የመረጥሽው ቀይ አፈር ስላልተገኘ ግን እንደ ድሮው አላማረም። ቤቱ እንደ ተውሽው ነው ብልሽ ዋሽቼ እገኛለሁ። ከአትሮንሴ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል።

አዎን፣ ቴሌቪዥን። በእኔ ቤት፣ በእኔ ፈቃድ።

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ነጠላሽን ደርበሽ ጎረቤታችን ዝማም ቤት ትሄጂ ነበር። እዚያ ሦስት አራት ሴቶች ተሰብስባችሁ ወደ አማርኛ የተመለሱ የሕንድ ተከታታይ ድራማዎችን ታያላችሁ። እኔ በደጅ ተቀምጬ ተማሪዎቼን ሳስቀጽል ሳቃችሁም ልቅሷችሁም አጥሩን አልፎ ይመጣል። «የሰው አገር ሙሽራ ስትድሪ የራስሽ ወጥ ያርራል» ስልሽ፣ «ለመሆኑ አርሮ ቀምሰው ያውቃሉ?» ብለሽኝ ትወጪ ነበር። አርሮ ቀምሼ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ደግሞ በሩ ላይ ቆመሽ፣ «ዛሬ ብቻ አብረውኝ ይቀመጡ» አልሽኝ። «አልፈልግም» አልሁሽ። እውነቴን ነበር። እውነት መናገር ሁሉ መልካም መናገር እንዳልሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም።

ታመሽ በተኛሽበት ስድስት ሳምንት፣ በቡሬ ኮሌጅ የምታስተምረው ልጃችን የሺወርቅ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየመጣች ያን ሰሞን የምታዪውን ድራማ በስልኳ ጭና ታመጣልሽ ነበር። ስልኩን በውኃ ጣሳው ላይ አስደግፋ ከራስጌሽ ታቆመዋለች። እኔ ከእግርጌሽ ተቀምጬ ዳዊት እደግማለሁ። ዳዊቱን እየደገምሁ ታሪኩን መስማቴን ዛሬ አምናለሁ።

በአንድ የሕንድ ከተማ ለሙሽሮች ነጭ ፈረስ የሚያከራይ አባት አለ። በዚያ አገር ሙሽራው ወደ ሙሽሪት ቤት የሚሄደው በፈረስ ተቀምጦ፣ ከበሮና መለከት እየቀደመው ነው። የአባትየው አንድያ ልጅ ካቪታ ትባላለች፤ በጋጣ ውስጥ ከፈረስ ጋር ያደገች ናት። የጣፋጭ ነጋዴው ልጅ ሱራጅ ወደዳት። የእሱ ቤተሰቦች ግን ልብሷ ጋጣ ጋጣ ይሸታል ብለው ናቋት። ከብዙ ክርክር በኋላ ሁለቱ አባቶች ታረቁ፣ ሠርጉም ተቆረጠ። ሱራጅ በነጩ ፈረስ ተቀምጦ እስከ ሙሽሪት በር ደረሰ። ፈረሱ በሩ ላይ ሲቆም ክፍሉ አለቀ፤ አንቺም ደከመሽና «ቀሪውን ነገ» አልሽ።

በማግሥቱ ዓይንሽ ብርሃን መሸከም አቃተው። ያን ጊዜ እጄን ይዘሽ ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «መጨረሻውን አይተው ይንገሩኝ። ዝማም ታሳምረዋለች፣ የሺወርቅ ታዝንልኛለች፤ እርስዎ ግን እንዳለ ይነግሩኛል።» እሺ አልሁሽ። ሐሰት ከአፌ ወጥቶ ስለማያውቅ አመንሽኝ። ከዚህ የሚበልጥ ክብር የሰጠኝ ሰው የለም።

የሐዘን ቤት ነውና እስከ ተዝካርሽ ድረስ ምንም አላየሁም። ከዚያ በኋላ የሺወርቅ ቴሌቪዥኑን ከቡሬ አስጭና መጣች፤ ከኢንተርኔትም ጋር አገናኘችው። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጸሎት በኋላ ንጹሕ ጋቢ ለብሼ፣ ወረቀትና ብዕር ይዤ ተቀመጥሁ። ዝማምና ሁለት የማኅበርሽ ሴቶችም መጡ። «ከየት ልጀምርልዎ?» አለች የሺወርቅ። «እናትሽ ካቆመችበት» አልሁ። ቃሌ ስለ መጨረሻው ነበርና ከመጨረሻው የሚተርፍ ጊዜ ላጠፋ አልፈለግሁም። ይህን ስናገር ዝማም ሳል ያዛት። የሳሏን ምክንያት የተረዳሁት በኋላ ነው።

በዚህ ደብር እጮኝነት ሲታሰብ ሰባት ቤት የምቆጥረው እኔ እንደሆንሁ ታውቂያለሽ። ከቋሪት እስከ ሊበን ሽማግሌ ልኮ የሚያስቆጥር አለ። እጄ ለምዶ ነው መሰለኝ፣ በሙሽሪት በር ላይ አሮጊቶቹ የሁለቱን ወገን ዘመድ ሲያነሡ እኔም መጻፍ ጀመርሁ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት። ሁለተኛው ክፍል ሳያልቅ የካቪታ አያት፣ ከፈረሰኛ ጋር ሄደች ተብላ ከጣፋጭ ነጋዴዎቹ ቤት የተባረረች ሴት ሆና ተገኘች። የሱራጅ አያት ወንድሟ ነው። ሙሽሮቹ በአራተኛው ቤት ይገናኛሉ።

ብድግ አልሁ። «ይህ ጋብቻ አይሆንም፤ አጥፊው» አልሁ።

የዝማም ነጠላ ከራሷ ላይ ወደቀ። «ውይ የኔታ! ሕንድ ድረስ ሄደው ሠርግ ሊያፈርሱ ነው? ድግሱ እኮ ተደግሷል፣ እንግዳው ገብቷል፣ ፈረሱ በር ላይ ቆሟል!»

«ፈረሱም ይመለስ» አልሁና ጋቢዬን አውልቄ ቴሌቪዥኑን ሸፈንሁት።

ሦስት ሳምንት እንደ ተሸፈነ ቆየ። እኔም ከቅዳሴ በኋላ መቃብርሽ ዘንድ ሁለት ጊዜ መጥቼ የምነግርሽ አጣሁ። ጋብቻው ሥርዓት ስለሌለው አቆምሁት ልልሽ አሰብሁ። አንቺ ግን ፍርድ አልጠየቅሽኝም፤ መጨረሻውን ነው የጠየቅሽኝ። እንዳልታመንሁ ሆኜ ከፊትሽ መቆም እንደዚያ ሰሞን ከብዶኝ አያውቅም። ከዝማም ሰምቼ እንዳየሁ ሆኜ ልንገራት የሚል ሐሳብ አንድ ጊዜ መጣብኝ። የመጣበትን ቀን አልረሳውም፤ ንስሐ ገብቼበታለሁ።

ወር በገባ በሃያ አንደኛው ቀን ማኅበሩ በዝማም ቤት ነበር፤ ጸሎቱን እንዳደርስ ተጠርቼ ሄድሁ። ጸበሉ ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ዝማም በሁሉ ፊት፣ «የኔታ፣ ፊደል ሳይቆጥር ዳዊት የሚከፍት ተማሪ ቢመጣብዎ ምን ያደርጉታል?» አለችኝ።

«ወደ ፊደሉ እመልሰዋለሁ» አልሁ።

«እንግዲያው ይመለሱ። ሱራጅ የዚያ ቤት ልጅ አይደለም። ነጋዴው ከባቡር ጣቢያ አንሥቶ እንዳሳደገው በሦስተኛው ክፍል ታይቷል። ያንን ያየን ዕለት አንጓች ነጠላዋ እስኪርስ አልቅሳለች። እርስዎ የማያውቁትን ልጅ በማያውቁት አያት ቆጠሩት።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የአንዳንዷ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ ሰው በዚያ መደብ ላይ እንደ አዲስ ተማሪ ተቀመጥሁ። ነገሩ እውነት ነበረ። ቤቴ ገብቼ ጋቢዬን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሣሁ፤ ወረቀቴንም አውጥቼ እንደገና መረመርሁ። ልጁና ልጅቱ በደም አይገናኙም። በክርስትናም፣ በጡትም የሚያዛምዳቸው የለም። የሱራጅን መስመር ሰርዤ «ጋብቻው ይቻላል» ብዬ በግርጌው ጻፍሁ። የሺወርቅ ስትመጣ፣ «አንቺ ይህን እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ?» ብዬ ተቆጣሁ። «ካልተሳሳቱ ከመጀመሪያው አያዩትማ፣ አባየ» አለችኝ። ልገሥጻት አፌን ከከፈትሁ በኋላ የሰማሁት የአንቺን ድምፅ መሆኑን አወቅሁና ተውሁት።

ክፍሎቹ ዐርባ ስምንት ናቸው። ደንብ አወጣሁ፤ በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይከፈትም፣ እሑድ ከቅዳሴ በፊት አይታሰብም፣ በቀን ከሦስት ክፍል አይበልጥም። የመጨረሻውን ደንብ በመስቀል ሰሞን አፈረስሁት። አንድ ዕለት ዘጠኝ ክፍል በተከታታይ አየሁ፤ ላሟ ሳትታለብ ዋለች። እንዳለ ይነግሩኛል ያልሽው ይህንንም ይጨምራል ብዬ ነው።

ዝማም አጠገቤ ተቀምጣ «እዚህ ጋ ሳቀች፣ እዚህ ጋ ተነሥታ ቆመች» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ድራማውን ብቻ ሳይሆን አንቺንም በየክፍሉ አየሁሽ። የካቪታ አባት ልጁ የታመመ ፈረስ ባዳነች ጊዜ አንዲት ምስጋና ሳይናገር፣ «ጋጣው አልተጠረገም» ብሎ ሲያልፍ፣ ምን ብለሽ እንደ ነበር ዝማም ነገረችኝ፦ «ይሄ የእኔን መሪጌታ ይመስላል፤ ሲወድ ይቆጣል።» ከዚያ በኋላ ያ ሰው በወጣ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ።

አሁን ነገር ተገላብጧል። ማኅበርተኞችሽ «የኔታ፣ ቀጥሎ ምን እንይ?» የሚሉት እኔን ነው። እኔ ቀድሜ ሳላየው ማንም አይከፍትም። በሊበን ያለው ወንድምሽ ሳይቀር ደውሎ ጠይቆኛል። ይህን ስጽፍ ኩራት ይሰማኛል፤ አልሸሽገውም። አንቺ ብትኖሪ አጠገብሽ ተቀምጬ የማሳይሽን ለይቼ አስቀምጫለሁና ስሚ።

አንደኛው የሸማኔው ቤት ነው። ሦስት ሴት ልጆች ያሉት ሸማኔ ለእያንዳንዷ የሠርግ ልብስ አንድ ዓመት ሙሉ ይሠራል። ለሁለተኛይቱ የሠራውን አንድ ባለጠጋ አይቶ ካልሸጥህልኝ ቢለው፣ «ይህ የልጄ ነው» ብሎ እጁን ከመጠቅለያው ላይ አያነሣም። ፍቅሩ ጨዋ ነው። ወጣቶቹ ከመተቃቀፋቸው በፊት ወላጅ ያስፈቅዳሉ። አጭር ስለሆነ ቅዳሜና እሑድ ይበቁታል። እጅ የሚሠራውን ሥራ እንዲህ ያከበረ ታሪክ ለሴት ልጅም ለወንድ ልጅም ይጠቅማል ብዬ ለማኅበሩ በሙሉ ፈቅጃለሁ።

ሁለተኛው ድራማ አይደለም፤ እውነተኛ ሠርጎችን ከአገር ወደ አገር እየዞረ የሚያሳይ ነው። ለዚህ ዕድሜ በሰጠሽና ባየሽልኝ! የሙሽሪትን እጅ በሚያቀላ ቅጠል እስከ ክርኗ ይስሉታል፤ ልክ እንደ እኛ እንሶስላ፣ ነገር ግን የአበባና የወፍ ሥዕል ያለበት። ሁለቱንም ሙሽሮች ዘመድ ተሰብስቦ እርድ ይቀባቸዋል፤ ቢጫ ሆነው እየሳቁ ይቀመጣሉ። በእሳት ዙሪያ ሰባት ጊዜ እየዞሩ በየዙሩ ቃል ኪዳን ይገባሉ። በእሳት ፊት መማል የእነሱ እምነት ነው፤ እኔ አልቀበለውም። ቃሉን ግን አንድ በአንድ አዳመጥሁ፤ የሚነቀፍ አላገኘሁበትም። ሙሽሪት ከአባቷ ቤት ስትወጣ ደግሞ ወደ ኋላዋ ሳትዞር ሩዝ በራሷ ላይ አሳልፋ ትበትናለች፤ እናቷ በነጠላዋ ትቀበላለች። ያሳደጋችሁኝ ቤት አይጉደል ማለቷ ነው። ይህን ሲያዩ ማኅበርተኞችሽ በአንድ ድምፅ አለቀሱ። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ ዝማም አይታኛለች።

ሦስተኛው ሚስቱ የሞተችበትን ሽማግሌና ባሏ የሞተባትን አሮጊት ስለሚያገናኝ ነው። ንጹሕ ነው፣ ቀልድም አለው። እኔ ግን እስከ መጨረሻው አላየሁትም፤ ለሚፈልግ ይየው።

የከለከልሁትም አለ። አማት ከመጋረጃ ኋላ ቆማ የምታደምጥበት፣ ወጥ ውስጥ መርዝ የሚጨመርበት፣ ሦስት መቶ ክፍል አልፎ ያላለቀ አንድ አለ። በመጀመሪያው ክፍል ልጅ በአባቱ ላይ እጁን ሲያነሣ አስዘጋሁት። ዝማም ቤቷ ሄዳ ትከታተለዋለች። ዓይኗ ቀልቶ ስትመጣ ጉንፋን ነው ትለኛለች፤ እኔም ለጉንፋኗ እግዚአብሔር ይማርሽ እላታለሁ።

እንግዲህ መጨረሻው፤ ሳላሳምር፣ ሳላዝንልሽ፣ እንዳለ።

ነጩ ፈረስ በሙሽሪት በር ላይ ቆመና አልገባም አለ። ርችቱ አስደንግጦት ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ፣ ሱራጅን ሊጥለው ደረሰ። ከበሮው ዝም አለ። የሱራጅ አጎቶች ልጓሙን ቢስቡት ባሰበት። የጣፋጭ ነጋዴዎቹ ሴቶች «ክፉ ምልክት ነው፣ ሠርጉ ይቅር» እያሉ መንሾካሾክ ጀመሩ። በዚያ አገር ሙሽሪት እስክትጠራ ድረስ ከጓዳዋ አትወጣም። ካቪታ ግን ቀዩን ልብሷን፣ ወርቋን፣ ያንን ሁሉ ጌጥ እንደ ለበሰች በሕዝቡ መካከል ወጣች። ፈረሱን በስሙ ጠራችው፤ ግንባሩን ዳሰሰችው። ከዚያ ልጓሙን ከአጎቶቹ እጅ ተቀብላ፣ ባሏ የሚሆነውን ሰው በፈረስ ላይ እንዳለ እየመራች ወደ አባቷ ግቢ አስገባችው። በዚያ ሁሉ ክፍል ምስጋና ከአፉ ያልወጣው አባቷ ከእንግዳው ሁሉ መካከል ተነሥቶ፣ «እኔ በዚህች ልጅ እኮራለሁ» አለ። አለቀ። ተጋቡ። በሰላም ይኖራሉ።

ቴሌቪዥኑ ከጠፋ በኋላ ሴቶቹ ያወሩ ነበር፤ እኔ አልሰማኋቸውም። ለምን እኔ እንዳየው እንደፈለግሽ ገብቶኝ ነበር። ፈረሱ በሩ ላይ ሲቆም የሚሆነውን አንቺ አውቀሽዋል፤ ሆኖብሽ ያውቃልና።

የዛሬ ዐርባ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ከገበዝ ማርያም ሙሽራ አድርጌ ሳመጣሽ፣ ሌሊቱን ባልታሰበ ዝናብ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። አንቺ በበቅሎ ነበርሽ፣ ፊትሽ ተሸፍኖ። የሙሽራ እግር አማቶቿ ደጅ ሳይደርስ መሬት አይረግጥም፣ ድምፅዋም አይሰማም። በቅሎዋ ወንዙ ዳር ስትደርስ ቆመች። ሚዜዎቼ ቢገፏት፣ ቢጎትቷት ወደ ኋላ እየሸሸች ልትጥልሽ ሆነ። እኔ የቅኔ ተማሪ ነበርሁ፤ ስለ በቅሎም ስለ ወንዝም አላውቅም፤ ዝም ብዬ ቆምሁ። አንቺ መሸፈኛሽን ገልጠሽ በራስሽ ወረድሽ። ነጭ ቀሚስሽን እስከ ጉልበትሽ ሰብስበሽ የበቅሎዋን ልጓም ከሚዜዬ እጅ ተቀበልሽና ወደ ውኃው ገባሽ።

የእኛ ወገኖች ያንን ነገር ለዓመታት አነሡት። ዓይን አውጣ ሙሽራ አሉሽ። እኔም አንድም ቀን ተነሥቼ አልመለስሁላቸውም። በልቤ ግን ከዚያች ቀን የበለጠ የኮራሁበት ቀን የለም። የቅኔ ሊቅ ተብዬ ካባ የደረቡልኝ ቀን እንኳ አይደርስበትም። ዐርባ ዓመት ሙሉ አልነገርሁሽም፤ ጋጣው አልተጠረገም እያልሁ አለፍሁ። አሁን በማኅበርሽ ፊት፣ በዘመዶቼም ፊት እናገራለሁ፦ አንጓች፣ እኔ በአንቺ እኮራለሁ።

በማኅበርሽ ቀን፣ በየወሩ ሃያ አንድ፣ ከጸሎቱ በኋላ ስምሽን እጠራለሁ። የሺወርቅ ባል ስታገባ ሰባት ቤቱን ከፊደሉ ጀምሬ እቆጥራለሁ፤ በራሷ እግር መሄድ ብትፈልግ ደግሞ መሬት ረገጠች ለሚላት ሰው መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ። ያንን የወንዝ ዳርም ወደ አንቺ እስክመጣ ድረስ አልረሳውም። ውኃው እስከ ወገብሽ ደርሶ፣ ከማዶ ሰው ሁሉ እየጮኸ፣ ዞር ብለሽ አየሽኝ። በሕይወትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገርሽኝም ያን ጊዜ ነው፦

«ወንዙን እኔ አውቀዋለሁ፤ እርስዎ ይከተሉኝ።»